የተነካካው ቤት ቅርስ ይባል?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

የከተማችን የቅርስ ምዝገባ ኮሚቴ አባል ነኝ። የግንባታ ባለሙያ አይደለሁም፤ የገባሁት የነዋሪው ተወካይ ሆኜ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ በአንድ ቤት ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የተሠራ ነው። ፎቅ የለውም። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ነበር፤ በአትክልቱ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። አርክቴክቱ በአካባቢያችን የታወቀ ሰው ነበር፤ አንድ ትምህርት ቤትና ሌሎች ጥቂት ቤቶችም ሠርቷል። ይኼኛው የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ችግሩ፣ ቤቱ ያልተነካ ቦታ የለውም። ጣሪያው ስላፈሰሰ ከላዩ ተዳፋት ቆርቆሮ ተደርቦበታል። ቀጫጭኖቹ የብረት መስኮቶች ወጥተው ወፋፍራም ነጭ ፕላስቲክ ገብቷል። የመኪና መጠለያው ተዘግቶ መኝታ ቤት ሆኗል። ጡቡ ቀለም ተቀብቷል። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ፈርሷል። በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ተጨምሯል፤ ቤተሰቡ ግን እሱን በ1974 የጨመረው ራሱ አርክቴክቱ ነው ይላል።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ይህ ቤት ሞቷል፤ የምንመዘግበው ፎቶውን ነው» ይላል። ሌላው «የእሱ እጅ ካረፈበት ይበቃል» ባይ ነው። ወራሾቹ ቤቱን መሸጥ ይፈልጋሉ፤ ምዝገባው ገዢ ያሸሽብናል ብለው ሰግተዋል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ምን ላድርግ?

መሀል ሰፋሪዋ

መልስ፦

ውድ መሀል ሰፋሪ፤

ሁለቱም ወገኖች ለምን እንዳላሳመኑዎት ይገባኛል። አንደኛው የሚቆጥረው የጠፋውን ብቻ ነው። ሌላኛው የሚያየው ስም ብቻ ነው። ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አለ፦ ይህ ቤት ቅርስ ይሁን የሚባለው በምኑ ነው? ይህ ሳይመለስ «ስንት እጁ ተቀየረ?» ብሎ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው። ለአንዱ ምክንያት ትልቅ ጉዳት የሆነው ለውጥ ለሌላው ምክንያት ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ማመልከቻውን ያውጡና ምክንያቱን በራስዎ ቃል በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «በታወቀ አርክቴክት የተሠራ ውብ ቤት» አይሆንም፤ ያ ስለ ብዙ ቤት ይባላል። ከደብዳቤዎ ተነስቼ እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «በአካባቢው ሳሎኑንና አትክልቱን በመስታወት አንድ ያደረገ የመጀመሪያው ቤት ነው። ቀጭኑ የጣሪያ ጠርዝ፣ ቀጭኑ የመስኮት ብረትና ክፍቱ የመኪና መጠለያ አንድ ላይ ሆነው ቤቱን ዝቅ ያለ፣ ዝርግና ቀላል አድርገውታል።» «የመጀመሪያው» የሚለውን ግን በወሬ አይቀበሉት። የግንባታ ፈቃዱን ወይም የፕላኑን ቀን ያስፈልጉ።

አሁን መለኪያ አለዎት። የወጥ ቤቱ ግድግዳ መፍረስ በዚህ መለኪያ ብዙም አይጎዳም። መስኮቱ ይጎዳል። ጣሪያው ደግሞ ልቡን ነው የነካው። ምክንያቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ፍርዱም ይለወጥ ነበር። ቤቱ የሚታወሰው በውስጡ በተፈጸመ ትልቅ ነገር ወይም በኖረበት ሰው ከሆነ፣ የመስኮት ፍሬም እንቅልፍ አይነሳዎትም።

«ሞቷል» የሚሉትን ባልደረቦችዎን ግን ዝም ብለው አይናቋቸው። ስለ ሞደርኒስት ቤት፣ ማለትም ጌጥ ትቶ በቀላል መስመር ስለተሠራ ቤት፣ የተረዱት ነገር አለ። በጌጥ የተሞላ አሮጌ ቤት ብዙ ይችላል። ግማሹ ቅርጻ ቅርጽ ቢረግፍ ቀሪው ግማሽ ይናገራል። እንዲህ ያለው ቤት ግን እንደ አጭር ግጥም ነው፤ ያለው ጥቂት ነው። መስመር፣ ስፋት፣ ብርሃን፣ ጡብና መስታወት የሚገናኙበት ቦታ። ከጥቂት ላይ ጥቂት ሲነሳ ብዙ ነው።

መስኮቱን ቀርበው ይዩት። የዚያ ዘመን የብረት ፍሬም ፊት ለፊት ሲታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚከፈት የፕላስቲክ መስኮት ከነመዝጊያው 10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በአንድ መስኮት ላይ ይህ ምንም አይመስልም። ከዳር እስከ ዳር መስታወት በሆነ ግድግዳ ላይ ግን በየመገጣጠሚያው እየተደጋገመ ይሄዳል። መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው አትክልቱ ላይ ነበር። አሁን የሚያርፈው ነጩ ፍሬም ላይ ነው። ይህ ፍሬም ቤቱን የሠራው ሰው የደከመበትን ነገር ገልብጦታል። ወራሾቹን መውቀስ ግን አይገባም። የብረት ፍሬም ይዝጋል፤ ብርድና ሙቀት ያስተላልፋል፤ ነጠላው መስታወት በብርድ ጊዜ በውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥባል። ሰው ይኖርበታል እንጂ ሙዚየም አይደለም።

መልካሙ ዜና መስኮት ይመለሳል። ብረት ወይም ቀጭን አሉሚኒየም በድሮው ልክ ማሠራት ይቻላል፤ ድርብ መስታወት የሚይዝ ቀጭን ፍሬምም አለ። መስኮቱ የጠፋ ዕቃ ነው፤ የተከፈተበት ቦታ ግን እዚያው አለ። በቀዳዳው መጠን ላይ ለውጥ መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ። ግድግዳ ተሞልቶ ቀዳዳው ጠቦ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል።

ወደ ጣሪያው ልምጣ፤ ድምፅዎ የሚወሰነው እዚያ ነው። እርስዎ «ተደርቦበታል» ብለዋል። «አሮጌው ፈርሶ» አላሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ከድምፁ በፊት አንድ ከሰዓት ይመድቡ። ከወራሾቹ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የግንባታ ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘው፣ መሰላልና የእጅ ባትሪ አስይዘው በቆርቆሮውና በሶሌታው መሀል ያለውን ክፍተት ይዩ። ኮሚቴዎች ይህን ከማድረግ ይልቅ ፎቶ በስክሪን ላይ እያዩ ሰዓታት ቢከራከሩ ይመርጣሉ። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እላይ የሚፈልጉት መጀመሪያ የሶሌታውን ጠርዝ ነው። አንዳንድ አናጢ አዲሱን ክፈፍ ለማሳረፍ የድሮውን ጠርዝ ይቆርጠዋል ወይም ይሰብረዋል። ዙሪያውን ካለ፣ የቤቱ ቀጭን መስመር አለ ማለት ነው፤ የተሸፈነ ብቻ ነው። ቀጥሎ አዲሱ ጣሪያ በምን ላይ እንደቆመ ይዩ። እንጨቱ ሶሌታው ላይ በብሎን ከታሰረ ብሎኑ ይፈታል። ግድግዳው በብሎኬት ወደ ላይ ተቀጥሎ ከሆነ ማፍረስ ይጠይቃል፤ ቢሆንም የማይሆን ነገር አይደለም። ከዚያ ባትሪውን ወደ ጠርዙ ያስጠጉና ቀለሙን ይዩ። ቆርቆሮው ለዓመታት ከፀሐይና ከዝናብ የጋረደው ቦታ ላይ የ1961ዱ ቀለም ሊገኝ ይችላል። የሬንጁ ንብርብር፣ የድሮው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ የአሸንዳው ቦታ፣ ሁሉም እዚያ ጨለማ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤቱን አበላሸው የምንለው ቆርቆሮ ማስረጃውን ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል።

ጠፍጣፋ ጣሪያ ለምን እንደሚያፈስም አብረው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ሶሌታው በቂ ዘንበል ስለሌለው፣ መውረጃው ጥቂት ስለሆነና በቅጠል ስለሚደፈን፣ የውሃ መከላከያውም ዕድሜው ሲያልቅ ስላልተቀየረ ነው። ሁሉም ሊስተካከል የሚችል ነው። ጠፍጣፋው ይመለስ ማለት ወራሾቹን ወይም ገዢውን ባልዲ ይዘህ ኑር ብሎ መፍረድ እንዳልሆነ ለኮሚቴው ቢነግሩ ጥሩ ነው፤ ይህ ጥርጣሬ ሳይነገር በብዙዎች ሆድ ውስጥ ይኖራል።

ተዳፋት ጣሪያ ስለጫነ ብቻ ቤት ከቅርስነት እንደማይወድቅ ማስረጃ ከፈለጉ ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ አጠገብ ፔሳክ የሚባል ቦታ አለ። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት ከ1924 እስከ 1926 ወደ 50 የሚጠጉ ቤቶች ሠርቶበታል። ነዋሪዎቹ ገቡና እንደሚመቻቸው አደረጓቸው። ረጃጅሞቹን አግድም መስኮቶች አጠበቡ። ክፍት በረንዳዎቹን ዘጉ። ጠፍጣፋው ላይ ተዳፋት ጣሪያ ጫኑ። የእርስዎን ቤት ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ሆኖም በ1980 ከቤቶቹ አንዱ በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ሌሎቹም እየቆዩ መታደስ ጀመሩ። በ2016 ሰፈሩ ከሌሎች የአርክቴክቱ ሥራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ይህን ሲጠቅሱ ግን ተቃዋሚዎ የሚመልስልዎን አስቀድመው ይወቁ፤ ፔሳክ ሰፈር ሙሉ ቤት ነው፤ አንዱ ቢጎድል ጎረቤቱ ያስረዳል። የእርስዎ ቤት የሚመሰክረው ብቻውን ነው።

«ሞቷል» ለሚለው ቃል ደግሞ የዚሁ ሰው ሌላ ቤት አለ። ፓሪስ አጠገብ ፕዋሲ ላይ በ1931 ያለቀው ቪላ ሳቮይ ገና ከጅምሩ ያፈስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መጀመሪያ ጀርመኖች፣ በኋላም አሜሪካኖች ሠፈሩበት። ተጎሳቆለ። ከዚያ የከተማው አስተዳደር ቦታውን ለትምህርት ቤት ፈልጎ ሊያፈርሰው ተነሳ። ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ በ1965 ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። በወቅቱ ሄዶ ያየው ሰው «አለቀለት» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን በጓሮ ስለተጨመረው ክፍል። በደብዳቤዎ ውስጥ በጣም የሳበኝ ይህ ነው፤ እርስዎ ግን በመጨረሻ ጣል አድርገውታል። አርክቴክቱ ራሱ በ1974 የጨመረው ከሆነ ጉዳት ሳይሆን የቤቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ሰውየው ከ13 ዓመት በኋላ ወደ ራሱ ሥራ ተመልሶ ምን አደረገ? የመጀመሪያውን መስመር ቀጠለ ወይስ ሐሳቡን ለወጠ? ኮሚቴው «ዋናው የ1961ዱ ብቻ ነው» ብሎ ይህን ክፍል በጉድለት ከቆጠረ የሰውየውን ሥራ ከሰውየው ላይ መንጠቅ ነው።

የሚያስረዱበት ምሳሌ አይጠፋም። አርክቴክቱ ሪቻርድ ኖይትራ በ1932 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለራሱ የሠራው ቤት በ1963 ተቃጠለ። ከልጁ ከዲዮን ጋር ሆኖ መልሶ ሠራው፤ እንደ ድሮው አድርጎ ሳይሆን አዳዲስ ነገር እየጨመረ። አሜሪካ በ2016 ያንን ዳግም የተሠራ ቤት ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ብላ መዘገበችው። ሌላው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ደግሞ አሜሪካ፣ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ተራ የእንጨት ቤት ገዛና በ1978 በቆርቆሮ፣ በኮምፔንሳቶና በሽቦ አጥር ከበበው። ዝነኛው እኮ ጭማሪው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ለወጠው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ለውጥ የወደዱት ሰዎች ተበሳጩ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው በፈረንሳይ ደቡብ ጠረፍ ያለው ኢ-1027 የተባለው ቤት ነው። አርክቴክቷ አይሊን ግሬይ ከ1926 እስከ 1929 ሠራችው። በ1938 እና በ1939 ለ ኮርቡዚዬ እሷን ሳያስፈቅድ ነጭ ግድግዳዎቹ ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ሳለ። ግሬይ እንደ ጥፋት ነው የቆጠረችው። እኔ በግሌ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ዓይንን በጨው ታጥቦ የሰው ግድግዳ ላይ መሳል ነው። ቤቱ በኋላ ሲታደስ ግን ሥዕሎቹ አልጠፉም። እነሱም በበኩላቸው ታሪክ ሆነዋልና። ስለ ቅርስ እድሳት በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ በአንቀጽ 11 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ በአንድ ሐውልት ላይ እያንዳንዱ ዘመን ያበረከተው ተገቢ ነገር ይከበር፤ እድሳት የሚደረገው አንድ ወጥ ስታይል ለማግኘት አይደለም።

«ተገቢ» የምትለዋን እንዳትረሱ። እያንዳንዱ ለውጥ ታሪክ ነው ብሎ ፕላስቲኩንም፣ ቆርቆሮውንም መቀደስ አያስፈልግም። የፕላስቲክ መስኮት የዋጋ ቅናሽ ታሪክ ካልሆነ በቀር ምንም አይናገርም። በአንጻሩ የ1974ቱ ክፍል በእርግጥ የእሱ መሆኑን በቤተሰብ ወሬ ብቻ አይመኑ። ፕላን፣ የፈቃድ ወረቀት፣ ደብዳቤ ወይም የክፍያ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ካልተገኘ ክፍሉን ራሱን ይዩት። የጡቡ አደራደር፣ የመስኮቱ ከፍታ፣ የጣሪያው ውፍረት ከዋናው ቤት ጋር ይነጋገራል? ይህ ማረጋገጫ ባይሆንም ፍንጭ ነው።

«የምንመዘግበው ፎቶውን ነው» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ አቅልለው አይዩት። የእነዚህ ቤቶች ዝና በእርግጥም በፎቶ ነው የተሠራው። ዕቃው ተስተካክሎ፣ ሰው ገለል ብሎ፣ ብርሃኑ ተጠብቆ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ማንም ግን በዚያ ሁኔታ ኖሮ አያውቅም። ቤቱን ከዚያ ፎቶ ጋር ብቻ ካወዳደሩት ሁልጊዜ ይሸነፋል። ፎቶ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። አሜሪካ፣ ፓልም ስፕሪንግስ ያለው የ1946ቱ የካውፍማን ቤት፣ የኖይትራ ሥራ፣ በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ብዙ ተጨምሮበት ነበር። በ1990ዎቹ ማርሞል ራድዚነር የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ጭማሪዎቹን አንስቶ ሲያድሰው ጁሊየስ ሹልማን ድሮ ያነሳቸው ፎቶዎች ትልቅ እገዛ አድርገዋል። ለማስረጃ እንጂ ለአምልኮ አይደለም። የቬኒስ ቻርተር አንቀጽ 9 እድሳት ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። እናንተ ጋ ፎቶ፣ ፕላንና በቆርቆሮው ሥር የተደበቀ ጠርዝ ካለ ግምቱ ትንሽ ነው።

ዕቃው ጠፍቷል ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ደግሞ ይፈለግ። በቼክ ከተማ በብርኖ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ የሠራው የቱገንድሃት ቪላ የመመገቢያውን ቦታ የሚከብ ከማካሳር ዞጲ የተሠራ ግማሽ ክብ ግድግዳ ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ለአሥርት ዓመታት የለም ሲባል ቆይቶ በ2011 እዚያው ከተማ ውስጥ የአንድ ፋኩልቲ ካፌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ በእድሳቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ወራሾቹን ጋራዡንና ዕቃ ቤቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የድሮ የብረት መስኮት አንድ ክንፍ እንኳ ቢገኝ ሁሉንም ለመቅዳት ሞዴል ይሆናል።

የመኪና መጠለያው ብዙ አያሳስበኝም። እንዲህ ያለ ቦታ ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ በኮለኖቹ መሀል ስስ ግድግዳ ይሞላል እንጂ ኮለኖቹ አይነሱም። ግድግዳውን ማንኳኳት ብቻ ብዙ ይነግርዎታል። ቢሆንም የቤቱ ፊት የሚታየው በዚያ በኩል ከሆነ መዘጋቱ የቤቱን መልክ አክብዶታል፤ ይህን በጽሑፍ ማስቀመጥ አለባችሁ።

አንዳንድ አባላት «ሕጉስ ምን ይላል?» ማለታቸው አይቀርም። የየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ቦታው፣ ዲዛይኑ፣ አካባቢው፣ ቁሳቁሱ፣ የእጅ ሙያው፣ ስሜቱና ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር። ሁሉም ይሟሉ አይልም፤ ከሚጠቀሰው ምክንያት ጋር የሚሄዱት ይኑሩ ነው የሚለው። በዕድሜ በኩል በዚያ መዝገብ በደንቡ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ በእንግሊዝ 30 ዓመት። የእናንተ ቤት ሁለቱንም አልፏል። ከሰባቱ ቦታው በእርግጠኝነት አለ። አትክልቱ ካልተሸነሸነ አካባቢውም አለ፤ ለዚህ ቤት ደግሞ አትክልቱ ሌላኛው የሳሎን ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል። ቁሳቁሱ ተጎድቷል። ዲዛይኑ በጣሪያው ሥር የሚያገኙትን ይጠብቃል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። የዚሁ አርክቴክት ሌሎች ቤቶች በምን ሁኔታ ላይ ናቸው? እንዳሉ የቆዩ ሁለት ሦስት ካሉ ኮሚቴው ጉልበቱን ወደ እነሱ ቢያዞር አይፈረድበትም። ሁሉም ፈርሰው ይህ ብቻ ከቀረ ግን ብዙ ጉድለት ይታለፍለታል።

ወራሾቹን ከመጀመሪያው ያስገቧቸው። ፍርሃታቸው የሚመነጨው ምን እንደሚከለከሉ ባለማወቃቸው ነው። ምዝገባ በየቦታው ትርጉሙ ይለያያል። ለምሳሌ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ላይ መግባት ብቻውን የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ ቤቱን እንዳያፈርስ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ብዙውን ጊዜ የከተማው የራሱ ደንብ ነው። የእናንተ ደንብ ምን እንደሚከለክልና ምን እንደሚፈቅድ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ውሳኔው ላይም የተጠበቀውን በስም ጥሩ፦ የጣሪያው ጠርዝ፣ የመስታወቱ ግድግዳ፣ የጡቡ ፊት፣ የ1974ቱ ክፍል፣ አትክልቱ። ነፃ የሆነውንም ጥሩ፦ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ፣ የውስጥ ቀለም፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር። አሁን ያለው ቆርቆሮና ፕላስቲክም የቅርሱ አካል እንዳልሆነ ይጻፍ። አለበለዚያ ነገ አንድ ደግ ገዢ መጥቶ ቆርቆሮውን ላንሳ ሲል የራሳችሁ ኮሚቴ «ቅርስ አይነካም» ብሎ ይከለክለዋል። ስቃችሁበት እንዳታልፉ፤ ይሆናል።

እንግዲህ ድምፅዎ። የሶሌታው ጠርዝ ካለ፣ የመስታወቱ ቀዳዳ በድሮው ልክ ከሆነና አትክልቱ ከቆየ፣ እኔ ብሆን ይመዝገብ ብዬ እጄን አወጣለሁ፤ መስኮቱና ቀለሙ እንዳሉ ሆነው። ጠርዙ ተቆርጦ፣ ቀዳዳውም ጠብቦ ከተገኘ አይመዝገብ እላለሁ፤ የስሙ ትልቅነት አያግደኝም። ያኔ «አይሆንም» ብላችሁ ብቻ እንዳትበተኑ። ቤቱ እንዳለ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ የቤተሰቡ ፕላንና ወረቀት ቅጂ በማኅደር ይቀመጥ። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ሳይነካካ ቆሞ ከሆነ ቀጣዩ አጀንዳችሁ እሱ ይሁን።

ስብሰባው የጣሪያው ሥር ሳይታይ ድምፅ ስጡ ካለ፣ ቀጠሮ ይሰጥ ብለው በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡ። እምቢ ካሉም ድምፀ ተዐቅቦ አያድርጉ። ምዝገባን በኋላ መሰረዝ ይቻላል፤ የፈረሰ ቤትን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ጥርጣሬው ለቤቱ ይሁንለት።

አንድ አስቸኳይ ነገር ለወራሾቹ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። ቤቱን ለገዢ ለማሳመር ብለው የጡቡን ቀለም በአሸዋ ግፊት እንዳያስጠርጉ። አሸዋው የጡቡን ጠንካራ የውጭ ቆዳ ይበላዋል፤ ከዚያ ጡቡ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ቀለሙ በኬሚካል ቀስ ተብሎ ሊነሳ ይችል ይሆናል፤ መጀመሪያ ከኋላ በኩል በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ይታይ። እስከዚያው ቀለሙ ባለበት ይቆይ።